መስመሩን ሳይሰርዙ

ደራሲ በወጣትነቱ የፈጠረው ዓለም በሽምግልናው ዘመን ይፈትነዋል። አንባቢ ያንኑ ዓለም እንደገና ይፈልጋል፤ አሳታሚም ቢሰጠው ደስ ይለዋል። ቀላሉ መንገድ ካርታውን ማስፋት ነው፤ አዲስ ደሴት፣ አዲስ ጦርነት፣ አዲስ ጀግና። አጫጭር ልብ ወለዶች ለምንጽፍ ሰዎች ከዚህ የጠበበና የጠለቀ መንገድ ያሳየችን አሜሪካዊቷ የፋንታሲ ደራሲ ኡርሱላ ለግዊን ናት። በ2001 እ.ኤ.አ. «የኧርዝሲ ተረኮች» የተባለውን መድብሏን ስታሳትም የ71 ዓመት ሴት ነበረች። ይህን መጽሐፍ ደጋግሜ የማነበው አንድ ጸሐፊ የቀድሞ ሥራውን ሳይክድና ሳይሰርዝ እንዴት ሊጠይቀው እንደሚችል ስለሚያስተምረኝ ነው።

ኧርዝሲ በባሕር ላይ የተበተኑ ደሴቶች ዓለም ነው። የነገሮችን እውነተኛ ስም ያወቀ ሰው በነገሮቹ ላይ ሥልጣን ያገኛል፤ ይህን ዕውቀት የሚሰጠው ትምህርት ቤት ሮክ በተባለች ደሴት ላይ ይገኛል። ለግዊን ወደዚህ ዓለም መጀመሪያ የገባችው በ1964 በመጽሔት ባወጣቻቸው ሁለት አጫጭር ልብ ወለዶች ነው። በ1968፣ በ1971 እና በ1972 ሦስት መጻሕፍት ተከተሉ፤ ጌድ የተባለው የአንጥረኛ ልጅ ከፍየል ጠባቂነት ተነሥቶ የአስማተኞች ሁሉ አለቃ እስከ መሆን ደረሰ። ከዚያ ስለዚህ ዓለም 18 ዓመት ዝም አለች። በ1990 «ቴሃኑ»ን ስታወጣ ትኩረቷ ወደ ሌላ ሰፈር ዞሮ ነበር፤ ባሏ የሞተባት የገበሬ ቤት ሴትና እሳት ፊቷን የበላባት አንዲት ሕፃን መሐል ገቡ። መጽሐፉ የኧርዝሲ የመጨረሻው መጽሐፍ ተብሎ ወጣ። መጨረሻ አለመሆኑን በዚህ መድብል ያወቅነው ከ11 ዓመት በኋላ ነው።

የመድብሉን አሠራር ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየኝ «የምድር አጥንቶች» የሚለው ተረክ ነው። በ1968ቱ መጽሐፍ የጌድ መምህር ኦጊዮን ከአንባቢ ጋር ሲተዋወቅ የመሬት መንቀጥቀጥን የገታ አስማተኛ ይባላል። የሰውየውን ዝና ለማሳወቅ የገባች አጭር ሐረግ ናት፤ ታሪኩም ሳይቆምባት ያልፋል። ከ33 ዓመት በኋላ ለግዊን ወደዚያች ሐረግ ተመለሰችና ቀኑን ራሱን ጻፈችው። ተራራውን ከሥሩ የያዘው የኦጊዮን መምህር፣ ዳልስ የተባለ አዛውንት ሆኖ ተገኘ። አዛውንቱ ከምድሪቱ ጋር ተዋሕዶ እዚያው ቀረ። ኦጊዮን ደግሞ ከታች ወደቡን የከበቡትን ገደሎች ደግፎ ያዘ። ሕዝቡ ያየው እሱን ነውና ምስጋናው ለእሱ ሆነ። እሱም የሆነውን ይናገራል፤ ጀግና የፈለገ ሕዝብ ግን አይሰማውም። ታሪኩ በዚህም አያበቃም፤ ዳልስ ራሱ ያንን ጥበብ ያገኘው ሮክ ላይ አልነበረም፤ አርድ ከተባለች ሴት ነው።

እዚህ ላይ የሚደንቀኝ የቀድሞዋ ሐረግ እንዳለች መቆየቷ ነው። በ1968 የታተመውን መጽሐፍ ዛሬ ብንገልጥ አንድም ቃል ሐሰት ሆኖ አናገኘውም፤ ሰዎች ስለ ኦጊዮን የሚሉት አሁንም ያንኑ ነው። የተለወጠው የአባባሉ ባለቤት ነው። ቀድሞ የተራኪዋ ቃል መስሎን የነበረው፣ አሁን የሕዝቡ ወሬ ሆኖ ይነበባል። ደራሲዋ ራሷን ለማረም መሰረዣ አላነሣችም፤ «ይህን ያለው ማን ነው? ያየውስ ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። እያንዳንዳችን በጽሑፋችን ውስጥ እንዲህ ያለ መስመር አለን። ለአንዱ ሰው ያለ ምርመራ የሰጠነው ክብር፣ ሌላው የከፈለውን ዋጋ ይሸፍናል።

አከፋፈቱም ሊጠና ይገባዋል። ስለ መሬት መንቀጥቀጥ የሚተርከው ታሪክ የሚጀምረው በዝናብ ነው። ሽማግሌው አጥንቱን ብርድ ስለጠዘጠዘው፣ ደመናውን ወደ ተራራው ማዶ ሊገፋው ይፈተናል። በዚህ ትንሽ ፈተና ሰውየው ምን ማድረግ እንደሚችልና ለምን እንደማያደርገው እናውቃለን። ኋላ የሚመጣው ትልቁ ድርጊት ጥንካሬውን ያገኘው ከዚህ ነው። ኃይሉን ለራሱ ምቾት የማያባክን ሰው፣ ሰዓቱ ሲደርስ ሁሉንም ሲሰጥ እናምነዋለን።

«ፈላጊው» በርዝመቱ ኖቬላ ነው፤ ከጌድ ዘመን 300 ዓመት ያህል ወደ ኋላ ይወስደናል። በመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት የሮክ ትምህርት ቤት ጥንታዊና የማይጠየቅ ነው፤ ወንዶች ብቻ ያስተምራሉ፣ ወንዶች ብቻ ይማራሉ። ለግዊን ይህን ግድግዳ ሳታፈርስ መሠረቱን ቆፈረች። ሜድራ የተባለው ወጣት የተሠወረን ነገር የማግኘት ተሰጥዖ ስላለው የሜርኩሪ ማዕድን እንዲፈልግ በግዞት ይያዛል። የማዕድኑ ጢስ ሳንባዋን የበላት አኒየብ የምትባል ባሪያ ናት የምታድነው። ነፃ ከወጣ በኋላ ወደ ሮክ ሲሻገር፣ በዚያ ጨካኝ ዘመን ዕውቀትን በምሥጢር ሲጠብቁ የኖሩ ሴቶች ያገኛል፤ ትምህርት ቤቱ የሚመሠረተውም ከእነሱ ጋር ነው። የማዕድኑ ክፍል በመድብሉ ውስጥ ካሉት ሁሉ ብርቱው ይመስለኛል። ክፋቱን የምናየው በሚጤሰው ምድጃ፣ በሠራተኞቹ ቁስልና ስለ ንጽሕና በሚሰብከው አስማተኛ እብደት ነው። የኋለኛው የማሳደድ ክፍል ይህን ያህል ጉልበት የለውም። ቢሆንም መጨረሻው ላይ የደረሰ አንባቢ የሮክን በር እንደ ድሮው ሊያየው አይችልም።

«ከፍተኛው ረግረግ ላይ» ደግሞ የልክን ጥበብ ያስተምራል። በሮክ አለቆች መካከል ትልቅ ግጭት ደርሷል፤ ለሌላ ደራሲ ይህ ራሱ ረጅም ልብ ወለድ ይሆን ነበር። ለግዊን ግን ከግጭቱ የተረፈውን የታወከ ሰው ብቻ ወስዳ፣ ከብቶች በወረርሽኝ ወደሚያልቁበት ሩቅ አገር ትልከዋለች። የታሪኩ ዓይን አይብ እየሠራች የምትኖረው ኤመር ናት። እንግዳው ከብት የማዳን ችሎታ አለው፤ እሷ ደግሞ መኝታና ምግብ ትሰጠዋለች። ኋላ ጌድ ራሱ ሲመጣ ኤመር በቤቷ የተቀበለችው ሌላ መንገደኛ ነው። በሦስት መጻሕፍት የተከተልነውን ጀግና አሁን የምንመዝነው በእሷ ዓይን ነው። የጀግና ትልቅነት ለማያውቀው ሰው በሚያሳየው ጨዋነት ሲለካ፣ በአለቅነቱ ካየነው ይልቅ ሰፍቶ ይታያል።

ሌሎቹ ሁለቱ ስለ ምርጫና ስለ በር ናቸው። አንዱ የነጋዴ ልጅና የጠንቋይዋ ልጅ የሚዋደዱበት፣ ሙዚቃ ከአስማት ጋር የሚፎካከርበት ቀለል ያለ ታሪክ ነው። ቀድሞ በ1998 የወጣው «ተርብ ዝንብ» ግን ክብደት አለው። አይሪያን የተባለች ልጅ ወደ ሮክ ሄዳ እንድትገባ ትጠይቃለች፤ በር ጠባቂው ያስገባታል፤ መምህራኑ ይከፋፈላሉ፤ እሷም ማን እንደሆነች ስታውቅ ዘንዶ ሆና ትበርራለች። ይህ ታሪክ «ቴሃኑ»ን በዚያው በ2001 ከወጣው የመጨረሻው ልብ ወለድ ጋር ያገናኛል። ከ«ፈላጊው» በኋላ መምጣቱም በዘፈቀደ አይደለም። ሴቶች ትምህርት ቤቱን ሲመሠርቱ ያየ አንባቢ፣ አንዲት ሴት በበሩ በመግባቷ መምህራኑ ሲከፋፈሉ ሲያይ ምን እንደተረሳ ያውቃል። ይህን ደራሲዋ መናገር አያስፈልጋትም፤ የታሪኮቹ ቅደም ተከተል ይናገራል።

ይህን ሁሉ በአንድ ረጅም ልብ ወለድ ማድረግ ይቻል ነበር? አይመስለኝም። ረጅም ልብ ወለድ አንድ ሴራና አንድ መዳረሻ ይፈልጋል፤ የተረሱትን ሁሉ በአንድ ባለታሪክ ዙሪያ ሲሰበስባቸው እንደገና አጃቢ ያደርጋቸዋል። አጭር ልብ ወለድ ግን ለእያንዳንዱ የራሱን መሐል ይሰጠዋል። በመግቢያዋ ላይ ለግዊን ሥራዋን የሌለ አገር መዛግብትን ከመበርበር ጋር ታያይዘዋለች፤ ባልነበረ ታሪክ ላይ የሚደረገው ምርምር ተርኮ ምን እንደሆነ ማወቅ እንደሆነም ታስረዳለች። መድብሉን የምትዘጋውም ስለ ደሴቶቹ ሕዝቦች፣ ቋንቋዎችና ታሪክ በሚያትት ድርሰት ነው። የአንትሮፖሎጂ ሊቁ የአልፍሬድ ክሮበር ልጅ መሆኗ እዚህ ይታወቃል።

ከዚህ መጽሐፍ ወደ ራሴ ጠረጴዛ የወሰድኩት አሠራር አለ። የቆየ ልብ ወለዴን ሳነብ የሚያምር ዓረፍተ ነገር መፈለግ ትቻለሁ። የምፈልገው ሥራው የተነገረለትን፣ ሠሪው ግን ያልተጠቀሰበትን ቦታ ነው። በአማርኛ ልብ ወለዶቻችን ቡናውን አፍልታ፣ ረከቦቱን አንሥታ የወጣች ልጅ ስንት ጊዜ አጋጥማናለች? ቤቱ ውስጥ የተባለውን ሁሉ ሰምታለች። ወደ እሷ ስመለስ ራሴን በአንድ ሕግ አስራለሁ፤ የታተመውን አልነካም። ይህ እስር ፈጠራን አያጠብበውም። ልጅቷ በዚያ ክፍል የቆየችበትን ደቂቃ፣ የሰማችውንና ያልሰማችውን፣ የምታውቀውን ሰው ስም እንድለይ ያስገድደኛል፤ ከዚህ ጥያቄ ደግሞ መቼቱም ግጭቱም ይወለዳል።

ለወጣት ጸሐፊዎች የምለው ይህንኑ ነው። ዓለማችሁን ስትፈጥሩ ሁሉንም ለማብራራት አትቸኩሉ፤ ያልተብራራው ሐረግ የኋላ ዘመናችሁ ርስት ነው። ለአንጋፎቹ ደግሞ፣ ዕድሜ ለጸሐፊ የሚሰጠው ትልቁ ነገር የራሱን ዓረፍተ ነገር እንደ ባዕድ ሰው ቃል መጠራጠር መቻል ነው። ለግዊን በ71 ዓመቷ አዲስ ዓለም መፍጠር አላስፈለጋትም፤ የፈጠረችው ዓለም ውስጥ ዕዳ እንዳለባት አውቃ፣ በአምስት ታሪክ ከፈለችው።