ምቱ የሚለወጥበት ቦታ

የኃይሉ መርጊያ «ላላ በሉ» በ«ትዝታ» ይከፈታል። አኮርዲዮኑ ዝግ ብሎ ይገባል፤ ዜማውን ያነሣና ሳይጨርሰው ትንፋሹን ሰብስቦ እንደገና ይጀምረዋል። ሁላችንም የምናውቀው፣ አንገት የሚያስደፋው ትዝታ ነው። ከዚያ ምቱ ይለወጣል። ድራሙ ይፈጥናል፣ ቤዙ ተከትሎት ይነሣል፣ በዚያው ዜማ ሲተክዝ የነበረ ሰው በዚያው ዜማ ትከሻው ሲንቀሳቀስ ያገኘዋል። ለዘንድሮ ሰመር የሚሆን አልበም ምረጥልን ላላችሁኝ ወዳጆቼ ከሁሉ አስቀድሜ ይህችን መሻገሪያ ባስደምጣችሁ ደስ ይለኛል።

ከዚህም ከዚያም አንዳንድ ዘፈን እየለቀሙ ፕሌይሊስት መሙላት ቀላል ነው፤ ስልኩ ራሱ ይሞላላችኋል። እኔ ግን አልበሞቹን ሙሉውን አስገቡ እላለሁ። የባለሙያ እጅ የሚታወቀው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ነው፤ ከዝግታ ወደ ፍጥነት፣ ከሦስት ሰው ጨዋታ ወደ አንድ ፒያኖ፣ ከድምፅ ወደ ዝምታ። ዘፈኖቹ ሲበታተኑ መጀመሪያ የሚጠፋው ይኸው ነው።

የምንኖርበት ማውንቴን ቪው ለእንዲህ ያለ ማድመጥ የተመቸ ከተማ ነው። በሰኔ መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ ከሥራ የወጣ ሰው ምሽቱ ከነብርሃኑ ይተርፈዋል። ዝናብ የለም፤ ኮረብቶቹ ደርቀው ቢጫ ሆነዋል። ትልልቆቹ የሰመር ኮንሰርቶች 22,000 ያህል ሰው በሚይዘው ሾርላይን አምፊቲያትር ይደረጋሉ። የእኛ ሰው ግን ሙዚቃውን ይበልጥ የሚሰማው መኪና ውስጥ ነው። ወደ ኦክላንድ፣ ወደ ቴሌግራፍ ጎዳና ለመሄድ በ237 አውራ ጎዳና ወጥቶ 880ን ይይዛል፤ መንገዱ ከተጨናነቀ አንዱ አልበም አልቆ ሌላው ይጋመሳል።

እንግዲህ ስትወጡ «ላላ በሉ»ን ክፈቱ። አልበሙ የወጣው በ2018 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፤ አዲስ አይባልም ይሆናል፣ ከእሱ የተሻለ የመንገድ አልበም ግን ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። ጋሽ ኃይሉ ያንን የምት ለውጥ የተማሩት ስቱዲዮ ውስጥ አይመስለኝም። ከዋልያስ ባንድ ጋር አዲስ አበባ ሂልተን ሲጫወቱ በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ነበር፤ የገባ ሰው እስኪነጋ ስለማይወጣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወት ነበር። ከምሽት እስከ ንጋት አንድን አዳራሽ የያዘ ሰው መቼ ማብረድ፣ መቼ ማሟሟቅ እንዳለበት ጣቱ ያውቀዋል።

ዋልያስ በ1981 አሜሪካ መጥተው ሥራቸውን ካቀረቡ በኋላ ጋሽ ኃይሉ ዋሽንግተን ቀሩ። እዚያም አኮርዲዮኑን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖውንና ሲንተሳይዘሩን ብቻቸውን እየደራረቡ የቀዱት ካሴት በ1985 ወጣ። ከዚያ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዱ። በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አስቀምጠው አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ ይለማመዱ ነበር። ካሴቱን አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አገኘውና «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» የተባለው አሳታሚ በ2013 እንደገና አወጣው። መድረኩ እንደገና የተከፈተላቸው በዚህ ነው።

በ«ላላ በሉ» ላይ አብረዋቸው የሚጫወቱት ሁለት አውስትራሊያውያን ናቸው፤ ድራም ቶኒ ባክ፣ ቤዝ ማይክ ማይኮቭስኪ። አገራችንን ለማስመሰል አይደክሙም። በተለይ «አንቺ ሆዬ ለኔ» ላይ አስተውሏቸው። አንቺ ሆዬ ከአራቱ ዋና ቅኝቶች አስቸጋሪው ነው። ከዶ ብንነሣ ዶ፣ ሬ ቢሞል፣ ፋ፣ ሶል ቢሞል፣ ላ ይሆናል፤ ሁለት ቦታ ላይ ድምፆቹ በግማሽ ቶን ይጠጋጋሉ፣ በተረፈው ሰፊ ክፍተት አለ። የፈረንጅ ኮርድ ሥሩ ልደርድርበት ቢሉ አያስቀምጥም፤ ወይ ኮርዱ ይጎረብጣል ወይ ቅኝቱ ለዛውን ያጣል። ስለዚህ ቤዝና ድራም ምቱን ይዘው ይጸናሉ፣ ዜማው ላያቸው ላይ ይዞራል። የመደርደር ችሎታ ያለው ሰው አለመደርደሩ ነው እኔን የሚያስደንቀኝ።

የርዕሱ ዘፈን «ላላ በሉ» ካለቀ በኋላ ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ «የፍቅር እንጉርጉሮ» በፒያኖ ብቻ ይቀጥላል። ይህን ዘፈን ለብቻው የሰማ ሰው ጥሩ የፒያኖ ሥራ ሰምቷል። ከዚያ ሁሉ ጭፈራ ቀጥሎ የሰማው ግን ድራሙ ከጎደለበት ቦታ ላይ የጋሽ ኃይሉን እጅ ክብደት ይሰማል። እሳቸውን በሦስትዮሽ በመድረክ መስማት የሚፈልግ ደግሞ በ2016 ብሩክሊን ተቀድቶ በ2023 የወጣውን «ፓየኒር ወርክስ ስዊንግ» ይጨምርበት።

ለመመለሻው መክሊት ሀደሮ ትሁን። የዚሁ አካባቢ ሰው ናት፤ አዲስ አበባ ተወልዳ፣ በልጅነቷ አሜሪካ መጥታ፣ እንደ ሙዚቀኛ ያደገችው ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ነው። ደጋግማ የምትናገረው አንድ ታሪክ አለ። በ2011 አዲስ አበባ ስትጫወት ሙላቱ አስታጥቄ ገለል አድርገው የራሷን አስተዋጽኦ እንድትፈልግና መፍጠሯን እንዳታቆም አሳሰቧት። በ2017 ያወጣችው «ዌን ዘ ፒፕል ሙቭ፣ ዘ ሚውዚክ ሙቭስ ቱ» የዚያ ምክር ፍሬ ነው። ፕሮዲዩሰሩ ዳን ዊልሰን ነው፤ የኒው ኦርሊንሱ የፕሪዘርቬሽን ሆል ጃዝ ባንድ ነፊዎች አሉበት፤ አንድሩ በርድም እንግዳ ሆኖ ገብቷል። ትልቅ፣ ደማቅ ሥራ ነው፤ «ሱፐርኖቫ» ሲመጣ የመኪናው መስኮት ይከፈት። ለጆሮዬ ግን አንዳንዴ ትንፋሽ መሣሪያዎቹ ድምፁን ይሞሉትና ልጅቷ ቃሉን ስትጨርስ የምትተዋት ትንሽ እስትንፋስ ትሸፈናለች።

ያችን እስትንፋስ በ2025 ስሚዝሶኒያን ፎክዌይስ ባሳተመላት «ኤ ፒስ ኦፍ ኢንፊኒቲ» ላይ አገኘኋት። እዚህ ባህላዊ ዜማዎችን በራሷ ቅንብር ትዘፍናለች፤ «አምባሰል» አለበት፣ ሃርፕ የምትጫወተው ብራንዲ ያንገርም ከእንግዶቹ አንዷ ናት። በክራርና በበገና ጆሮው የተቃኘ ሰው ሃርፑን እንደ ባዕድ አይሰማውም፤ ያው በጣት የሚገረፍ ክር ነው። መክሊት ዜማውን ለማስጌጥ አትቸኩልም። አምባሰል በባሕርዩ የሚጎተት ዜማ ነው፤ ብዙ ወጣት ድምፃውያን የሚጎተተውን ቦታ በሽቅብና በቁልቁል ይሞሉታል። እሷ ታቆየዋለች፣ ከዚያ ትለቀዋለች። አስቴር አወቀም በ1981 አሜሪካ ስትመጣ መጀመሪያ ያረፈችው በዚሁ በቤይ ኤሪያ ነበር። በእነዚህ ሁለት ሴቶች መካከል የትውልድ ልዩነት አለ፤ የዘፈን መንገዳቸውም አይገናኝም። ድምፅን የት ላይ መሰብሰብ እንደሚገባ ማወቃቸው ግን አንድ ያደርጋቸዋል።

ለወጣቶቹ የሮፍናን «ነጸብራቅ» እንዳይቀር፤ የ2018 ነው፣ አሁንም ጭፈራው ላይ ይሠራል።

የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ «ሱቬኒርስ» መኪና ውስጥ አይሆንም። እቤት፣ ጠዋት፣ ቡና ሲቆላ ስሙት። ሚሲሲፒ ሬከርድስ ያወጣው በ2024 ነው፤ እማሆይ በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ካረፉ በኋላ ማለት ነው። ፒያኗቸውን ዓለም ያውቀው ነበር፤ እዚህ ግን በአማርኛ ይዘምራሉ። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ80ዎቹ መጀመሪያ ላይ ቤታቸው ተቀምጠው በካሴት የቀዱት ነው፤ ከመስኮቱ ውጪ ወፎች ይሰማሉ። ስቱዲዮ ቢሆን ወፎቹ ይወጡ ነበር፤ ከእነሱ ጋር ክፍሉም ይወጣ ነበር። ድምፃቸው የቀኝ እጃቸውን ዜማ ይከተላል፤ ጣቶቻቸው ዳር ዳሩን የሚያስገቡትን ጥቃቅን ጌጥ ግን ድምፁ ለጣቶቹ ይተዋል። ልክ ጥለቱን ከነጠላው ዳር አስይዞ መሃሉን ነጭ እንደሚተው ሸማኔ፣ የቱ ቦታ ባዶ መሆን እንዳለበት ያውቃሉ። ጊዜውንም በሰዓት አይለኩትም፤ ሐረጉ እስኪያልቅ ምቱ ይጠብቃል።

ከዘፈኖቹ የአንዱ ርዕስ ባላችሁበት አገር ፀሐይ ነው ወይስ ደመና የሚል ጥያቄ ነው። በሐምሌ ከዚህ አዲስ አበባ የሚደውል ሰው ሁሉ ይህን ይጠየቃል። እዚያ ክረምቱ ገብቶ ቆርቆሮው ሲደበደብ፣ እዚህ ማውንቴን ቪው ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ በጉም ተሸፍና ትውላለች። እማሆይ ይህን ጥያቄ ያለ ለቅሶ ነው የሚጠይቁት፤ ለዚህ ነው የሚያስለቅሰው።

የመጨረሻው ምርጫዬ በ2025 ስትራት ሬከርድስ ያሳተመው «ሙላቱ ፕሌይስ ሙላቱ» ነው። ጋሽ ሙላቱ በሰማንያዎቹ ዕድሜ የራሳቸውን የቆዩ ሥራዎች አንሥተው እንደገና አቀናብረዋቸዋል፤ «የከርሞ ሰው» አለ፣ «የካቲት» አለ፣ «ኩሉን» አለ። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ ከጃዝ ባንዱ ጋር ተቀምጠዋል። ይህ የአንድ ሰሞን ሐሳብ አይደለም፤ በ2007 እና 2008 ሃርቫርድ ራድክሊፍ በነበሩበት ጊዜም ክራርን ስለማሻሻል ይሠሩ ነበር።

ስታደምጡ እግራቸውን አስቡ። የሚጫወቱት ቫይብራፎን ብረት ነው፤ ፔዳሉ ከተረገጠ የተመታው ድምፅ መደወሉን ይቀጥላል፣ የሚቆመው እግር ሲነሣ ነው። የክራር ክር ግን ሲገረፍ ወዲያው ይሞታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ከባድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ብረቱ እንደልቡ ከተለቀቀ ክሩን ይውጠዋል። ጋሽ ሙላቱ አንዱን ድምፅ ለቀው፣ ሌላውን አጭር ቆርጠው፣ ክራሩ የሚገባበትን በር በእግራቸው ይከፍታሉ። «የከርሞ ሰው»ን በ1998 ከወጣው ኢትዮፒክስ ቁጥር 4 ላይ አስቀድማችሁ ስሙ፤ ከዚያ አዲሱን። ዜማው ያው ነው፤ የተለወጠው ማን ማንን እንደሚጠብቅ ነው። ይህም የሚሰማው ጸጥ ባለ ቤት ነውና ለ880 አታውሉት።

ዘንድሮ በሰመር የምትድሩ ወላጆች ደግሞ «ኩሉን»ን ለዲጄው ቀድማችሁ ስጡት። ከግማሽ ቆርጦ ወደሚቀጥለው ዘፈን እንዳይሄድም አደራ በሉት።