ጭቃ የነካ እጅ

መምህራን ጠረጴዛ ከበው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሸክላ የሚሠሩበትን ሥልጠና እጅግ እወደዋለሁ። ሰሌዳ ላይ «ፍጠሩ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ጭቃው ሲሰነጠቅ በርጥብ ጣት አለስልሶ እንደገና መጀመርን የሚያስተምረው ግን እጅ ነው። ሥራው አንዴ የፈረሰበት መምህር የተማሪው ሲፈርስ አይቆጣም፤ አጠገቡ ቁጭ ይላል።

ለዚህ ትምህርት የእስራኤሏ ከተማ አሽዶድ የተመቸች ናት። በቴል አሽዶድ ቁፋሮ የተገኘችው «አሽዶዳ» ከክርስቶስ ልደት በፊት በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራች የሸክላ ምስል ናት። ቁመቷ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንገቷ ረጅም፣ ገላዋም ከወንበሯ ጋር አንድ አካል ነው። ሴትንና ወንበርን እንዲህ ያዋሐደ እጅ ዛሬም ያስተምራል።

ከተማዋ የብዙ ቤተ እስራኤል ቤተሰቦችም መኖሪያ ናት። ጎንደር አጠገብ፣ በወለቃ፣ የቤተ እስራኤል እናቶች ያለ መንኮራኩር፣ ጭቃውን በመዳፋቸው እያሹ ዕቃና ትናንሽ ምስሎች ይሠሩ ነበር። በአገር ቤት ያስንቅ የነበረው ይህ ሙያ ለመምህር ትምህርት ሲሆን ደስ ይላል። አያቱ የምታውቀውን ጥበብ መምህሩ ጎንበስ ብሎ ሲማር ያየ ልጅ፣ በማግስቱ ክፍል የሚገባው ቀና ብሎ ነው።