«ፈጣን አውቶቡስ» ስለሚለው ስያሜ

በአዲስ አበባ ከዊንጌት እስከ ጀሞ እንዲዘረጋ የታቀደው የከተማ አውቶቡስ አገልግሎት ገና በወረቀት ላይ ሳለ ሦስት ስሞች ወጥተውለታል፤ እነርሱም «ቢአርቲ»፣ «ፈጣን የአውቶቡስ ትራንስፖርት» እና «የፈጣን አውቶቡስ መስመር» ናቸው። የመጀመሪያው የባዕድ ፊደላት ንባብ እንጂ ስያሜ ስላልሆነ አንዘገይበትም። የቀሩት ሁለቱ ግን ምርመራ ይገባቸዋል።

«ፈጣን» የተባለው ቅጽል የተሰጠው ለተሽከርካሪው ነው። የነገሩ ባሕርይ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም አውቶቡሱ ሌላ ተሽከርካሪ የማይገባበት የመንገድ ክፍል አለው፤ ተሳፋሪው ከመሳፈሩ በፊት በጣቢያው ይከፍላል፤ መሳፈሪያውም ከአውቶቡሱ ወለል ጋር እኩል ነው። ፍጥነቱ የእነዚህ ሁሉ ውጤት ነው። ከጭሮ (አሰበ ተፈሪ) መናኸሪያ ተነሥቶ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ የሚገባ መንገደኛ፣ «ፈጣን አውቶቡስ» ሲባል በየከተማው ሳይቆም የሚከንፍ አገር አቋራጭ ቢመስለው አይፈረድበትም።

የዳሬሰላም ምሳሌ ይጠቀስብን ይሆናል። በዚያ አገልግሎቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲጀመር በስዋሂሊ የተሰጠው ስም «በፍጥነት የሚሄዱ አውቶቡሶች» የሚል ነበር፤ ሕዝቡም «ምዌንዶካሲ» ብሎ አሳጠረው፤ ይኸም ፍጥነትን የሚያመለክት ነው። ነገር ግን ሕዝቡ የሰየመው አይቶና ተሳፍሮ ነው። በጭሮ ጎዳናዎችም የሕንዱ ኩባንያ ስም «ባጃጅ» የባለ ሦስት እግሩ ተሽከርካሪ መጠሪያ የሆነው በዚሁ መንገድ እንጂ በኮሚቴ ውሳኔ አይደለም። ስም ከነገሩ ቀድሞ በሚወጣበት ጊዜ ግን ኃላፊነቱ የሰያሚው ነው።

ከሁሉ የከፋው «መስመር» ነው። በአንበሳ አውቶቡስ ተጠቃሚ ዘንድ መስመር ማለት ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለው የጉዞ አቅጣጫ ነው፤ ቁጥርም አለው። አሁን ደግሞ በአስፋልቱ ላይ በቀለም ወይም በግንብ የተለየው ክፍል በዚሁ ቃል እንዲጠራ ተፈልጓል። ከሂርና ቡና ጭኖ ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ የአይሱዙ ሾፌር «የአውቶቡስ መስመር» የሚል ጽሑፍ ቢያይ፣ አውቶቡስ የሚያልፍበት መንገድ መሆኑን እንጂ ለእርሱ የተከለከለ መሆኑን አይረዳም። ቅጣቱ፣ ሲብስም ግጭቱ፣ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ለዚህ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም። የመንጃ ፈቃድ ተማሪ ሁሉ «ረድፍ መጠበቅ» ምን እንደ ሆነ ያውቃል፤ የትራፊክ ፖሊስም ረድፉን ያልጠበቀውን ይቀጣል። ስለዚህ መንገዱ «የአውቶቡስ ረድፍ»፣ አገልግሎቱም «ባለ ረድፍ አውቶቡስ» ቢባል፣ «መስመር» የጥንት ሥራውን ይዞ ይቀራል። «ባለ ረድፍ» ለጆሮ እንግዳ ነው የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፤ «ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስም» በመጀመሪያ እንግዳ ሳይሆን አልቀረም።

«ኮሪደር» ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በከተማ ማስዋብ ሥራ ስለ ተያዘ ለዚህ አገልግሎት ባይደገም ይመረጣል። ተሳፋሪው ከፍሎ የሚገባበትን ስፍራ በተመለከተ፣ ከጣልያንኛ የመጣው «ፌርማታ» ለተራው የመንገድ ዳር መቆሚያ ይቆይና ይኸኛው «ጣቢያ» ይባል።