የከሬጀስ ሸራ

አትላንታ ባሕር የላትም። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የከተማዋ ስም ሲነሳ ቀድሞ ትዝ የሚለው እ.ኤ.አ. የ1996ቱ ኦሊምፒክ ነው፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10 ሺህ ሜትር፣ ፋጡማ ሮባ በማራቶን ያጠለቁት ወርቅ። የዚያው ኦሊምፒክ የሸራ ጀልባ ውድድር የተካሄደው ግን አትላንታ ውስጥ አልነበረም፤ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሳቫና አጠገብ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ ነበር። ያም ሆኖ ይህች ባሕር አልባ ከተማ ከዚያ 19 ዓመት ቀደም ብሎ በሸራ ጀልባ ዓለም ትልቁን ዋንጫ ያነሳ ነዋሪ ነበራት። ኋላ ሲኤንኤንን የመሠረተው፣ የከተማዋን የቤዝቦል ቡድን የገዛው ቴድ ተርነር በመስከረም 1977 ከሬጀስ የተባለችውን ጀልባ እየመራ፣ ኒውፖርት፣ ሮድ አይላንድ ላይ የአውስትራሊያን ተወዳዳሪ 4 ለ 0 አሸንፎ የአሜሪካ ዋንጫን አስጠበቀ።

ስለዚያች ጀልባ የምጽፈው በአትላንታ አካባቢ፣ ዲካልብ ካውንቲ ውስጥ፣ አንድ ቤዝመንት ውስጥ ባለ ጠረጴዛ ላይ ትንሿን ከሬጀስ ስላየሁ ነው። የሠሯት በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ያገለገሉ፣ ዛሬ በጡረታ ላይ ያሉ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። የጀልባዋ አካል ጥሩ ነው፤ ለስላሳ ነው፤ መስመሩ አይዋዥቅም። እንዲህ ያለ አካል ግን ሌሎች ሞዴል ሠሪዎችም ይሠራሉ። እኔን ከወንበሬ ያስነሳኝ ሸራው ነው። ከሸራውም በላይ ሸራው ላይ ያሉት ፊደላትና ቁጥሮች፤ ከላይ 12፣ ከሥሩ ዩ ኤስ 26።

መጀመሪያ ጽሑፉ ምን እንደሚል። 12 የጀልባዋ ርዝመት አይደለም። ከሬጀስ ከጫፍ እስከ ጫፍ 20 ሜትር ያህል ናት። «12 ሜትር» የሚባለው የውድድር ክፍሉ ስም ነው፤ ርዝመትን፣ የሸራ ስፋትንና ሌሎች ልኬቶችን አንድ ቀመር ውስጥ አስገብተው ሲያሰሉት ውጤቱ ከ12 ሜትር እንዳይበልጥ የሚያዝዝ ደንብ አለ። ዩ ኤስ የአገሯ ምልክት ነው። 26 ደግሞ የራሷ የጀልባዋ ቁጥር ነው፤ በዚያው ዓመት አሜሪካን ለመወከል ከእሷ ጋር የተፎካከሩት ኢንተርፕራይዝና ኢንዲፔንደንስ 27 እና 28 ነበሩ። ዳኛው ከሩቅ ሆኖ በመነጽር ማን ማን እንደሆነ የሚለየው በዚህ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ በውድድር ሸራ ላይ ፊደል ጌጥ ሆኖ አያውቅም፤ መታወቂያ ነው።

ጋሼ ሞዴሉን የሠሩት በ1 ለ 24 ልኬት ነው። 20 ሜትሩ 83 ሴንቲ ሜትር ሆነ ማለት ነው። ይህ ቁጥር ለእንጨቱ ብዙ ችግር አያመጣም። ለጨርቁ ግን ያመጣል። ብዙ ሰው የሞዴል ሸራ የሚሰፋው ከስስ ጥጥ ነው፤ ጥጡ የቱንም ያህል ቢሳሳ ክሩ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ቢሆን በ24 ሲባዛ 5 ሚሊ ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረውም። እንግዲህ ዓይን ሞዴሉን እንደ እውነተኛ ጀልባ ለማየት ሲሞክር የሚያገኘው በገመድ የተሸመነ ሸራ ነው። አእምሮ ስሌቱን አያውቀውም፤ የሆነ ነገር ልክ እንዳልሆነ ግን ወዲያው ያውቃል። አንዳንዶች ጥጡን በሻይ ነክረው ያደበዝዙታል። ለጥንታዊ የንግድ መርከብ ያምር ይሆናል። ለ1977 የውድድር ጀልባ ግን ስድብ ነው፤ የዚያ ዘመን የውድድር ሸራ ዳክሮን ነበር፤ ነጭ፣ ደረቅ፣ ሲታጠፍ የሚንኮሻኮሽ።

ጋሼ የመረጡት ድሮ ነዳፊዎች የሚስሉበትን፣ ፊቱ የደበዘዘ ማይላር ነው፤ ውፍረቱ 0.05 ሚሊ ሜትር። ዳክሮንና ማይላር ሁለቱም ዱፖንት የተባለው ኩባንያ ያወጣላቸው የንግድ ስሞች ናቸው፤ ቁሱ ግን አንድ ነው፤ ሁለቱም ፖሊየስተር ናቸው፤ አንዱ ክር ሆኖ የተፈተለ፣ ሌላው ስስ ገጽ ሆኖ የተዘረጋ። ስለዚህ የትንሿ ጀልባ ሸራ የትልቋን ሸራ ከመምሰል አልፎ ከአንድ ቁስ የተሠራ ነው። ወረቀት ቢሆን ኖሮ የአትላንታ በጋ ያን እርጥበቱን ይዞ ሲመጣ በአንድ ሳምንት ያሸበሽበው ነበር።

ቁሱ ተገኘ ማለት ግን ሸራ ተገኘ ማለት አይደለም። እውነተኛ ሸራ ከአንድ ቁራጭ አይቆረጥም፤ ረዣዥም ጥብጣቦች ጎን ለጎን ተጋጥመው ነው የሚሰፋው። ጥብጣቦቹ የሚሄዱት ደግሞ ወደ ሸራው የኋላ ጠርዝ ቀጥ ብለው ነው፤ ነፋሱ አጥብቆ የሚስበው በዚያ ጠርዝ በኩል ስለሆነ፣ የጨርቁ ክር ከጉተታው ጋር ካልተጋጠመ በሰያፍ ይለጠጥና ሸራው ቅርጹን ያጣል። ከሬጀስ ላይ ይህ ጉዳይ ታሪክም አለው። ተርነር ለ1977 ሲዘጋጅ በዘመኑ እጅግ ከታወቁት ሸራ ሠሪዎች አንዱ የሆነው ላውል ኖርዝ ሸራ አልሸጥለትም አለው፤ ኖርዝ ራሱ ተፎካካሪዋን ኢንተርፕራይዝን ይመራ ነበር። ተርነር ሸራ ያገኘው ከቴድ ሁድ ቤት ነው፤ ሁድም ኢንዲፔንደንስን ይዞ ተፎካካሪ ነበር፤ ግን ሸጠለት። ሁድ ጨርቁን የሚያሸምነው በራሱ መሸመኛዎች፣ ከሌሎቹ ጠበብ አድርጎ ነበር፤ ጠባብ ጨርቅ ክሩ ጠብቆ ይገባልና። የሁድ ሸራ ከሩቅ የሚለየው በመጋጠሚያዎቹ መቀራረብ ነው። ጋሼም ጥብጣቦቹን ጠባብ አድርገው ነው የቆረጡት። ሰፋ አድርገው ቢቆርጡ ሥራው በግማሽ ይቀልላቸው ነበር፤ ግን የሌላ ሰው ሸራ ይሆን ነበር።

መጋጠሚያዎቹ አልተሰፉም። በእርሳስም አልተሰመሩም። አንዱ ጥብጣብ በሌላው ላይ ከአንድ ሚሊ ሜትር በሚያንስ ስፋት ተደርቦ ተጣብቋል፤ ያ ብቻ ነው። ብርሃን ከጀርባ ሲመጣ አንድ ንጣፍ ባለበት ነጭ ሆኖ ያልፋል፤ ሁለት ንጣፍ ባለበት ጠቆር ይላል። መስመሩን የሳለው ብርሃኑ ነው። ስፌቱ ለምን አልታየም ብዬ ብጠይቃቸው «ልጄ፣ ቆመህ የምታያት ከግማሽ ሜትር ነው፤ ያ በእሷ ዓለም 12 ሜትር ነው። ከ12 ሜትር ላይ የጨርቅ ስፌት ይታይሃል?» አሉኝ። ጥሩ ባለሙያ የማይሠራውን ነገር በዚህ ዓይነት ስሌት ሲመርጥ ደስ ይለኛል። ትንሽ ነገር ማሳየት መቻል ችሎታ ነው፤ መታየት የሌለበትን መተው ግን ይበልጣል። የእያንዳንዱ ጥብጣብ ጠርዝም ፍጹም ቀጥ ያለ አይደለም፤ በጣም በጥቂቱ ቆልመም ይላል። ቆልማሞቹ ጠርዞች ሲጋጠሙ ሸራው ጠፍጣፋ ሆኖ መተኛት ስለማይችል ሆዱን ይነፋል። ትንሿ ከሬጀስ ነፋስ በሌለበት ቤዝመንት ውስጥ ነፋስ የሞላት የምትመስለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ፊደሉ።

ለሞዴል ፊደል ብዙ ሰው ተለጣፊ ፕላስቲክ በማሽን ያስቆርጣል። ጠርዙ ንጹሕ ይሆናል፤ ጉዳቱ ውፍረቱ ነው። የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ የሆነ ተለጣፊ በዚህ ልኬት ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ይሆናል፤ በሸራ ላይ ጣውላ የተመታ ይመስላል። ሸራው ሆዱን ሲነፋም አብሮ መታጠፍ ስለማይወድ ከጫፉ ይነሳል። ጋሼ የተጠቀሙት ማስክ ነው፤ ስስ ተለጣፊ ገጽ ሸራው ላይ ለጥፈው፣ የፊደሉን ቦታ በስለታም ስካልፔል ቆርጠው አውጥተው፣ ሊደርቅ በተቃረበ ስፖንጅ ቀለሙን ደጋግመው ነካ ነካ ማድረግ። ቀለሙ ውሃ ከበዛበት ከማስኩ ሥር ይገባና ጠርዙ ይጎረብጣል። ቀለሙም ከጠርሙሱ እንደወጣ አይደለም፤ ትንሽ ነጭ ተጨምሮበታል። በእውነተኛው ጀልባና በእኛ መካከል ያለው አየር ቀለምን ያደበዝዛል፤ ሞዴሉ ላይ ያ አየር ስለሌለ ባለሙያው ይጨምረዋል። ያለዚያ ፊደሉ ከሸራው ወጥቶ ወደ እኛ ይዘላል።

ከ12 ሥር ካሉት አራት ምልክቶች ቀጥ ያለ መስመር የሚበዛበት ዩ ብቻ ነው፤ እሱም ከታች ይጠቀለላል። ኤስ፣ 2 እና 6 ክብ ናቸው። ክብ መስመር በስካልፔል ሲቆረጥ የሚዞረው እጅ ሳይሆን ሥራው ነው፤ ምላጩ እንደቆመ ይቆማል፤ በግራ እጅ ሸራው ከሥሩ ቀስ እያለ ይዞራል። ኤስን ቀረብ ብዬ አየሁት። የላይኛው ቀለበት ከታችኛው በጥቂቱ ያንሳል። እኩል ቢሆኑ ዓይን የላይኛውን ከብዶ ያየዋል፤ ፊደሉ ወደ ፊት የሚወድቅ ይመስላል። በዩ እና በኤስ መካከል ያለው ክፍተትም በማስመሪያ የተለካ አይደለም፤ ቀጥ ያለ ጎን ከክብ ጎን ጋር ሲቀመጥ እኩል ርቀት እኩል አይመስልም። ይህን ማስመሪያ አያስተምርም።

ከሁሉም ልቤን የነካው ግን በ26ቱ 2 እግር ላይ ያለው ነገር ነው። የቁጥሩ ቁመት ከጥብጣቡ ወርድ ጋር ስለሚቀራረብ አንድ መጋጠሚያ በእግሩ ላይ ያልፋል። ጋሼ ቀለሙን የቀቡት ጥብጣቦቹ ከተጋጠሙ በኋላ ስለሆነ ቀለሙ በመጋጠሚያው ላይ ወጥቶ ይወርዳል፤ ጥፍር የማይዘው፣ ብርሃን ግን የሚይዘው ትንሽ ደረጃ አለ። ፊደሉ ከሸራው ጋር የኖረ የሚመስለው በዚህች ደረጃ ነው። ጠፍጣፋ ሸራ ላይ አትሞ መጋጠሚያውን በላዩ ላይ የሚያሰምር ሰው ይህን በምንም አያገኘውም።

ከዚያ ጋሼ መብራቱን ወደ ማዶ አዞሩት። በሸራው ውስጥ የሌላኛው ጎን ዩ ኤስ 26 ተገልብጦ፣ እንደ ጥላ ደብዝዞ ብቅ አለ፤ በፊት ለፊቱ ጽሑፍ ላይ ሳይሆን ከሥሩ። ይህ የጋሼ ፈጠራ አይደለም፤ ደንብ ነው። የጀልባ ውድድር ደንብ የሁለቱ ጎኖች ጽሑፍ በተለያየ ከፍታ እንዲቀመጥ፣ በቀኝ ጎን ያለው ከላይ እንዲሆን ያዝዛል፤ ምክንያቱም ሸራ ብርሃን ያሳልፋል፤ ሁለቱ ጽሑፎች ከተደራረቡ ዳኛው ምንም ማንበብ አይችልም። ሱቅ ውስጥ ለጌጥ የሚሸጡ ጀልባዎች ላይ ጽሑፉ ወይ በአንድ ጎን ብቻ ነው፤ ወይ በሁለቱም ጎን በአንድ ከፍታ ላይ ነው። የሠራቸው ሰው ፎቶ አይቷል፤ ሸራ ግን አላየም። በብራና ላይ የጻፈ ጸሐፊ ይህን ጉዳይ ሳይነግሩት ያውቀዋል፤ ሳሳ ያለ ብራና ገጽ የጀርባውን ጽሑፍ ያሳያልና፣ የፊቱን መስመር ከጀርባው መስመር ጋር በወስፌ ጠቁሞ አስተካክሎ ነው የሚጀምረው። ብራናው ላይ የሁለቱ ገጽ መስመሮች እንዲገጣጠሙ ይፈለጋል፤ ሸራው ላይ እንዲለያዩ። ሁለቱንም የሚያዝዛቸው ግን ብርሃን ነው።

ለዚህ ነው የጋሼን ሸራ ከብዙ የሞዴል ሥራ የማስበልጠው። ትክክለኛ ፊደል መቅዳት ይቻላል፤ ፎቶ አለ፤ ማሽን አለ። ፊደሉ ሁለት ጎን ባለው፣ ብርሃን በሚያሳልፍ፣ ነፋስ በሚነፋው ነገር ላይ መጻፉን ማሳየት ግን ጨርቁን ከፊደሉ በፊት ማክበር ይጠይቃል። ከፊት ያለው ሦስት ማዕዘን ሸራ ላይ ምንም ጽሑፍ የለም፤ እሱንም በዚያው ጥንቃቄ ነው የሠሩት፤ ጥብጣቦቹ ጠባብ፣ መጋጠሚያዎቹ ቀጭን። የሚያነበው ሰው እንደሌለ ያውቃሉ።

አሁን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ኢንተርፕራይዝ ተጀምራለች፤ በዚያ በጋ ከሬጀስ ካሸነፈቻቸው አንዷ። ሸራዋ የኖርዝ ነው፤ ስለዚህ ጥብጣቡ እንዴት እንደሚቆረጥ ጋሼ ከፎቶዎች እየለኩ ናቸው፤ የሁድን አቆራረጥ ይዘው እንደማይቀጥሉ ቁርጥ አድርገው ነግረውኛል። ቁጥሯ 27 ነው። 7 በቀጥታ ቁርጦች ብቻ ያልቃል። ከእሷ በኋላ ኢንዲፔንደንስን ያስባሉ፤ የ28ቱ 8 ሁለት ሙሉ ቀለበት አለው፤ የመሃሉ ክብ ቁራጮች ከማስኩ ተነጥለው በየቦታቸው መቀመጥ አለባቸው፤ ለእሱም ከአሁኑ በቁርጥራጭ ማይላር ላይ እየተለማመዱ ነው።