የጅብራ ሁለት ስም

«ምን እንደ ጅብራ ትገተራለህ?» የሚለውን ተግሣጽ ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ ማግኘት ይከብዳል። ጅብራን በዓይኑ ያየ ሰው ማግኘትም ከዚያ አይቀልም። ጅብራ በስሜን፣ በጉና፣ በጮቄና በባሌ ከፍታዎች፣ ዛፍ በማይደርስበት ብርድ ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚቆም ተክል ነው። ብዙ ዓመት ያድጋል፤ አንድ ጊዜ አብቦ ይሞታል። የዕፅዋት ተመራማሪዎች እነዚህን ተራሮች ደሴት ይሏቸዋል። የሚከባቸው ባሕር ሳይሆን ሞቃት ዝቅተኛ ምድር ነው፤ ዘር ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው በቀላሉ አይሻገርም።

የእነዚህ ደሴቶች የጽሑፍ ታሪክ ወደ ፍራንክፈርት ይወስዳል። ከአዲስ አበባ የመጣ መንገደኛ ከሚያርፍበት ከፍሉግሃፈን ወደ ከተማው ገብቶ ቦከንሃይም ሲደርስ፣ የዜንከንበርግ ሙዚየምንና የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት ተቀራርበው ያገኛቸዋል። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ስሜንና ጎንደርን ያየው የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤዱዋርድ ሩፔል የእንስሳትና የዕፅዋት ናሙና ብቻ ሳይሆን የግዕዝ ብራናም ይዞ ተመልሷል። ብራናዎቹን ላዛሩስ ጎልድሽሚት እ.ኤ.አ. በ1897 በካታሎግ ዘረዘራቸው። ዕፅዋቱን ደግሞ የከተማው ሐኪምና የዕፅዋት ሊቅ ጌኦርግ ፍሬዜኒዩስ መረመረ። ጅብራን እ.ኤ.አ. በ1838 «ሪንኮፔታሉም ሞንታኑም» ብሎ ሰየመው፤ የአበባው ቅጠል ምንቃር የሚመስል፣ የተራራ ተክል ማለት ነው።

ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ሲነበቡ ልዩነታቸው ይታያል። ብራናን ለመዘርዘር ግዕዝ ማወቅ ግድ ነበር። ተክሉን ለመሰየም ግን በአገሩ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ማወቅ አላስፈለገም፤ ደረቅ ናሙናና አጉሊ መነጽር በቂ ነበሩ። ተክሉ በኋላ ወደ ሎቤሊያ ወገን ሲዛወር ደግሞ በ1616 ያረፈውን የፍላንደርስ ሐኪም የማቲያስ ደ ሎቤልን ስም ወረሰ። ኮሶም እንዲሁ የኬኒግስበርጉን ሊቅ የካርል ጎትፍሪት ሃገንን ስም ይዞ «ሃጌኒያ» ሆኗል።

ለላቲኑ መከራከሪያ አለው። አንድ ተክል በየቋንቋው ብዙ ስም ስላለው ዓለም የሚግባባበት አንድ ስም ያስፈልጋል። ነገር ግን ያ አንድ ስም የአገሬውን ቃል መጣል የለበትም። «ኤንሴቴ» እና «ኤራግሮስቲስ ቴፍ» ለዚህ ምስክር ናቸው፤ እንሰትም ጤፍም ስማቸውን ይዘው ወደ ላቲኑ ገብተዋል። ስለዚህ ጅብራ ስሙን ያጣው ሳይንስ ግድ ስላለው አይደለም፤ ሰያሚው ሌላ ስም ስለመረጠ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ ይህን ታሪክ በከፊል አቃንቶታል። ሰብስቤ ደምሰው፣ እንሰርሙ ቀልቤሳ፣ ኢንጋ ሄድበርግና ሱ ኤድዋርድስ ከብዙ ባልደረቦች ጋር ያሰናዱት ይህ ባለ ስምንት ቅጽ ሥራ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን ይዟል፤ የአካባቢ ስሞችንም ይመዘግባል። ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ የአገሬው ስምም በሰያፍ ፊደል አንድ መስመር ይሰጠዋል እንጂ በዙሪያው ያለው ንግግር አብሮት አይገባም።

ሰው ዝም ብሎ ሲቆም ለምን በጅብራ ይመሰላል? ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ፣ በጉም መካከል ቀጥ ብሎ የቆመ ጅብራ ከሩቅ ሲታይ ሰው ይመስላል። የአነጋገሩ ፈጣሪ ተክሉን፣ ቁመቱንና ብቸኝነቱን በደንብ ተመልክቷል። ይህም የዕፅዋት ቅኝት ነው፤ ፊርማ አልሰፈረበትም እንጂ።

ዛሬ ዕውቀቱ ለሁለት ተከፍሏል። ቤተ መዘክሩ ተክሉን ያለ ስሙ ያውቀዋል፤ ከተሜውና በስደት ያደገው ልጅ ስሙን ያለ ተክሉ ያውቃል። በአየር ለውጥ ሙቀቱ ሽቅብ ሲወጣ ደሴቶቹ እየጠበቡ ነው፤ ከተራራው ራስ በላይ የሚሸሹበት የለም። የሚቀጥለው የአማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅና የሚቀጥለው የፍሎራ ጸሐፊ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ የጅብራን ሁለት ግማሾች ማገናኘት ይችላሉ። ይህ ሳይሆን ተክሉ ከጠፋ፣ ልጆቻችን ምን እንደሆነ በማያውቁት ነገር ሲሰደቡ ይኖራሉ።