የሂሩት ታሪክ ባለቤት ማን ነው?

በሥነ ጽሑፍ ትምህርት «መቼት» የምንለው ቃል «መቼ» እና «የት» ከሚሉት ሁለት ጥያቄዎች የተጋጠመ ነው። ሁለቱ የተጋቡት በከንቱ አይደለም። ጊዜ የሌለው ቦታ ሥዕል ብቻ ነው፤ ቦታ የሌለው ጊዜም ወሬ ብቻ ነው። ድርጊት የሚወለደው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። የፊልምና የቴሌቪዥን ድራማ ደራስያንና አዘጋጆች ታሪካቸውን እንዴት እንደሚያዋቅሩ ለመመርመር የሚሻ ሰው ከዚህች ቃል ቢነሣ ብዙ ያተርፋል። ይህ ጽሑፍም ከዚያው ተነሥቶ፣ የላንጋኖን ሐይቅና አካባቢውን መፈተኛ አድርጎ፣ አንድ ነገር ለማሳየት ይሞክራል። ፊልሞቻችን ቦታን ያሳያሉ እንጂ አይጠይቁም፤ ባለመጠየቃቸውም ታሪካቸው ይሳሳል፤ አልፎ አልፎም የታሪኩን ባለቤት ያስከፋል።

በመድረክ ላይ ቦታ የሚሠራው በቃል ነው። ተዋናዩ «ወንዙ ሞልቷል» ካለ ወንዙ ሞላ፤ ተመልካቹም አመነ። ጸሐፌ ተውኔቱ ያልጠራው ነገር በመድረኩ ላይ የለም። በፊልም ግን ነገሩ ይገለበጣል። ካሜራ ወደ አንድ ሐይቅ ሲያነጣጥር ደራሲው ያልጠራቸው ሁሉ ሳይጋበዙ ይገባሉ፤ ከብቶቿን ውሃ ልታጠጣ የወረደችው ልጅ፣ ጕቶው የቀረው ግራር፣ ከሩቅ የሚሰማው የእረኛ ቋንቋ። የፊልም ደራሲ ሥራ እንግዲህ መፍጠር ብቻ ሳይሆን የመጣውን መቀበልም ነው። በዚህን ጊዜ አዘጋጁ ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ እነዚህን እንግዶች ወደ ታሪኩ ያስገባቸዋል፣ ወይ ካሜራውን ዘወር አድርጎ ከሥዕሉ ያስወጣቸዋል። አብዛኞቹ ፊልሞቻችን የመረጡት ሁለተኛውን ነው።

የሐይቅ ዳር ትዕይንት ለአማርኛ ፊልም ተመልካች እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ የተዋወቁ ሁለት ወጣቶች ፍቅራቸው ሲጠና፣ ወይም ተኳርፈው ሲታረቁ፣ በመኪና ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳሉ። ሙዚቃ ይጀምራል፤ ምልልስ ይቆማል፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው በአሸዋው ላይ ይሮጣሉ፤ ፀሐይ ትጠልቃለች። ዘፈኑ ሲያልቅ ትዕይንቱም ያልቃል፤ በሚቀጥለው ትዕይንት ሁለቱም ተመልሰው አዲስ አበባ፣ ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። ይህን ትዕይንት ከላንጋኖ አንሥተን ቢሾፍቱ ወይም ሐዋሳ ብንወስደው ከታሪኩ የሚጐድል አንዳች ነገር የለም። መፈተኛውም ይኸው ነው። ሲነቀል የማይደማ ትዕይንት ከመጀመሪያውም ሥር አልነበረውም።

ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ብዙውን ጊዜ የገንዘብ እጥረት ነው። ምክንያቱ እውነት አለው። በተለይ በየሳምንቱ መድረስ ያለበት የቴሌቪዥን ድራማ ከሳሎን ወጥቶ ለመቅረጽ አቅሙም ጊዜውም አይፈቅድለትም። ነገር ግን ላንጋኖ ድረስ ወርዶ፣ መኪና ተከራይቶ፣ ተዋንያንን አሳድሮ የተቀረጸ ትዕይንት ባዶ ሲሆን ችግሩ የገንዘብ አይደለም፤ የድርሰት ነው።

ላንጋኖ ለደራሲ ምን አለው? ሐይቁ ከአዲስ አበባ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን የምናገኘው ነው። ውሃው ቡናማ ነው፤ መልኩን የሰጠው ከውሃው ጋር ተዋሕዶ የማይዘቅጠው ደቃቅ አፈር ነው። ከአርሲ ደጋ የሚወርዱ ወንዞች ይገቡበታል፤ የተረፈው ውሃ ደግሞ ሆራ ቀሎ በሚባል ወንዝ ወደ አቢጃታ ይፈሳል። አቢጃታ መውጫ የሌለው፣ ባለፉት አሥርት ዓመታት ዳርቻው እየሸሸ የሄደ ሐይቅ ነው። ለመስኖ የሚጠለፈው የገባሮቹ ውሃና ለሶዳ አሽ ማምረቻ ከራሱ ከሐይቁ የተሳበው ውሃ ከምክንያቶቹ መካከል ይጠቀሳሉ። ለታሪክ አዋቃሪ ከዚህ የተሻለ ንድፍ ማን ይሰጠዋል? አንዱ ሐይቅ የሚኖረው ሌላው በሚለቅለት ነው፤ ላይ ያለው ሲያስቀር ታች ያለው ይጐድላል። ይህ የውሃ ሕግ ብቻ አይደለም፤ የወንድማማቾች፣ የባልና የሚስት፣ የከተማና የገጠርም ሕግ ነው።

የፍቅረኞቹ መኪና የምታልፋቸውም ሰዎች አሉ። ባቱ ላይ በአበባ እርሻ ተቀጥረው የሚውሉ ወጣት ሴቶች፣ በመንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ ደርድረው ገዥ የሚጠብቁ፣ አርሲ ነገሌ ላይ በጭስ ውስጥ አረቄ እያወጡ ልጆች የሚያሳድጉ እናቶች። እያንዳንዳቸው የሚሹት ነገር አለ፤ የሚያግዳቸውም አለ። ፍላጎትና እንቅፋት ደግሞ የድራማ አባትና እናት ናቸው። በፊልሞቻችን ውስጥ ግን እነዚህ ሰዎች ከመኪናው መስታወት ውጭ የሚሮጡ ጥላዎች ሆነው ቀርተዋል።

የፊልም ታሪካችን ሌላ መንገድ አያውቅም ማለቴ አይደለም። ሚሼል ፓፓታኪስ በ1960ዎቹ አጋማሽ የሠራው «ጉማ» የታሪኩን አከርካሪ ያገኘው ከአንድ የአገር ሥርዓት፣ ከደም መመላለስና ከእርቅ ወግ ነው፤ ሥርዓቱን አንሣው፣ ፊልሙ ይፈርሳል። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ደግሞ በ1966 ዓ.ም. ክረምት፣ ንጉሣዊው ሥርዓት በመውደቅ ላይ ሳለ፣ በጥቁርና ነጭ ፊልም የተቀረጸ ነው። በዚያ ሥራ ባለርስቱ ከጉብታ ላይ ወንበሩን አስቀምጦ በታች የሚያርሱትን ይሳደባል። ጉብታውና ማሳው የሥዕል ማሳመሪያ አይደሉም፤ ማን በላይ፣ ማን በታች እንደ ሆነ አንድ ቃል ሳይነገር ያስረዳሉ። እዚያ «የት» እና «መቼ» አንድ ሆነዋል።

አሁን ወደ ላንጋኖ የሚወርዱትን ወንዞች ተከትለን ሽቅብ ብንወጣ አርሲ ደጋ እንደርሳለን። ከዚያ ምድር አንድ ታላቅ የፊልም ታሪክ ወጥቷል፤ የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት»። በ1980ዎቹ መጨረሻ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች፤ በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ቆመላት፤ ነፃም ወጣች። ፊልሙ ልጅቷን «ሂሩት» ብሎ ሰይሟታል፤ እኔም በዚሁ ስም እጠራታለሁ።

የ«ድፍረት» ድርሰት ብርታቶች ጥቂት አይደሉም። ርእሱ ብቻውን ግጥም ነው፤ ጀግንነትንና መደፈርን በአንድ ቃል ያዋለው አማርኛችን ለደራሲው የሰጠው ስጦታ ነው። ሜሮን ጌትነት የተጫወተችው የጠበቃዋ የመዓዛ አሸናፊ ገጸ ባሕርይ የተቆጠበና የታመቀ ነው። ደራሲው የታሪኩን ባላንጣ በአንድ ክፉ ሰው ብቻ አለመወሰኑም ሊመሰገን ይገባል። ልጅቷን ያሳደዳት የቆየ ልማድ ነው፤ ልማዱን ያስታመመው ደግሞ ሕጉ ራሱ ነበር። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ከጠለፋት ጋር ጋብቻ ከፈጸመ እንዳይከሰስ በር ይከፍት ነበር፤ በሩ የተዘጋው በ1997 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ነው። ፊልሙ በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካች ሽልማት ማግኘቱ አያስደንቅም።

ድክመቱ ያለው ከመቼቱ ላይ ነው። ፊልሙ የሚናገረው አማርኛ ነው፤ የአርሲ ገጠር ልጅ አፏን የምትፈታው ግን በኦሮምኛ ነው። ይህን የማነሣው ለቋንቋ ኮታ ለመሟገት አይደለም። ፊልሙ አገራዊ እንዲሆንና ብዙ ሰው እንዲሰማው ተፈልጎ ነው ቢባል መልሱ ይገባኛል። ሆኖም ደራሲው አንድ የድራማ ሀብት ጥሎ እንዳለፈ መናገር ግድ ነው። በአንድ ቋንቋ የተጎዳች ልጅ በሌላ ቋንቋ ቃሏን ስትሰጥ፣ አስተርጓሚው አንዱን ቃል ሲያሳጥር ሌላውን ሲያለዝብ፣ ከጣቢያ እስከ ችሎት ያለው መንገድ ሁሉ በውጥረት ይሞላ ነበር። ድርሰቱ ሁሉንም በአንድ ቋንቋ ሲያደላድል ይህን ግጭት ከእጁ አፈሰሰው።

ሁለተኛው የሥርዓቱ ጉዳይ ነው። በ«ድፍረት» ውስጥ ባህል የሚናገረው በዛፍ ጥላ ሥር በተሰበሰቡ ወንዶች ሽማግሌዎች አፍ ነው፤ ሕግና ከተማ በአንድ ወገን፣ ባህልና ገጠር በሌላው ወገን ቆመዋል። የአርሲ ምድር ግን ሲንቄ የሚባል ነገር አለው። ሲንቄ ሴት ስታገባ ከእናቷ የምትቀበላት ቀጭን በትር ናት። ሴት ስትበደል ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በአንድነት ይወጣሉ፤ ወንዱም ያንን በትር አልፎ መሄድ ነውር ነው። ሲንቄ ጠለፋን አላስቀረም፤ እውነት ነው። ነገር ግን ባህሉ በራሱ ውስጥ የሚሟገት፣ ለሴቲቱም አንደበት ያበጀ መሆኑን ይመሰክራል። ይህ ድምፅ በድርሰቱ ቦታ ቢያገኝ ኖሮ ግጭቱ የብርሃንና የጨለማ ሳይሆን የሰውና የሰው ይሆን ነበር።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። በነሐሴ 2006 ዓ.ም. መጨረሻ ፊልሙ በአዲስ አበባ ሊመረቅ ተመልካች ከተሰበሰበ በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። አቤት ባይዋ የታሪኩ ባለቤት ነበረች፤ ሳልፈቅድ ታሪኬ ተወሰደ የሚል ነበር አቤቱታዋ። እገዳው በኋላ ተነሥቷል። በክርክሩ ላይ ለመፍረድ ሥልጣንም ፍላጎትም የለኝም። ለድርሰት ጥበብ ግን የሚያስተምረው ነገር አለ፤ የባለታሪክ ፈቃድ የሕግ ወረቀት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የድርሰት ጉዳይም ነውና። ፊልሙን ልብ ብለን ብናየው ሂሩትን አብዝተን የምናያት ከውጭ፣ በጠበቃዋ ዐይን ነው። ጠበቃዋ ትወስናለች፣ ትታገላለች፣ ታሸንፋለች፤ ሂሩት ግን ዝም ትላለች፣ ትፈራለች፣ ትጠብቃለች። ጠብመንጃውን ባነሣችባት ቅጽበት በውስጧ የተናገረው ምን ነበር? ነፃ ከወጣች በኋላ ወደየት አገር፣ ወደየትኛው ደጅ ትመለሳለች? እነዚህን የምታውቀው እርሷ ብቻ ናት። ደራሲ ከባለታሪኩ ጋር ሳይቀመጥ ሲቀር ከሁሉ አስቀድሞ የሚጐዳው የገዛ ገጸ ባሕርዩ ነው፤ ልብ የምታህል ስፍራ ባዶ ትቀርበታለች።

በ1957 ዓ.ም. ለእይታ የበቃው የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» ይሰኛል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ ሌላ ሂሩት ስትመጣ ጥያቄው ተለውጧል፤ የአባቷ ሳይሆን የታሪኳ ባለቤት ማን ነው? በእኔ እምነት መልሱ ታሪክን ለባለታሪኩ ብቻ ቆልፎ መስጠት አይደለም። እንዲያማ ቢሆን ድርሰት የሚባል ነገር ባልኖረ። ደራሲ የሌላውን ሕይወት የመጻፍ መብት አለው፤ መብቱ የሚጸናለት ግን አስቀድሞ ባደመጠው መጠን ነው።

ስለዚህ ለሙያው ልጆች የምለው አጭር ነው። ወደ ላንጋኖ የምትወርዱ ከሆነ ለመቅረጽ ከመውረዳችሁ በፊት ለመጻፍ ውረዱ። የሰፈሩን ቋንቋ በሰፈሩ ሰው አፍ ተዉት፤ ተመልካቹ ከሥር የሚጻፍለትን ትርጉም ማንበብ አያቅተውም። አንድ ትዕይንት ስትጽፉ ከስፍራው ብትነቅሉት ይደማ እንደ ሆነ ጠይቁ። ካልደማ ሰርዙት፤ ሙዚቃው ምንም ያህል ቢያምር አያድነውም። የአዲስ አበባው ሳሎን ብዙ ተናግሯል፤ ጥቂት ዝም ብሎ የአርሲ ነገሌዋን ባለአረቄ ቢያዳምጥ ከርሱ የሚጐድልበት ነገር የለም።