ሰው የሆነው ገብርኤል

ለእኛ ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያዳነ መልአክ ነው። ግሪጎሪ ዋይደን እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው «ዘ ፕሮፈሲ» የተሰኘ የአሜሪካ ፊልም ግን፣ ፈጣሪ ሰውን አብልጦ ወደደ ብሎ በቅናት ጦር ያነሳ ጨካኝ ነው። ገብርኤልን የሚጫወተው ክሪስቶፈር ዋከን እንደ ወፍ ቁጢጥ ብሎ ሲቀመጥ፣ ክንፍ ባናይም መልአክነቱን እናምናለን።

ተከታዮቹ አራት ፊልሞች በአነስተኛ ወጪ ተሠርተው በቀጥታ በቪዲዮ የወጡ ናቸው። «ርካሽ ናቸው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በ1998ቱ ፊልም መጨረሻ ገብርኤል ተቀጥቶ ሰው ይሆናል። በ2000ው ደግሞ በናቃቸው ሰዎች መካከል እየኖረ ልቡ ይለወጣል፤ ከእነሱም ጎን ይቆማል። ይህን ለመተረክ የሰማይ ሠራዊት ማሰለፍ አያሻም፤ የአንድ ተዋናይ ፊት ይበቃል።

በ2005 የወጡት አራተኛውና አምስተኛው ፊልሞች፣ ሩማኒያ ውስጥ የተቀረጹት፣ ዋከን የለባቸውም። መላእክቱም ጠቡም አሉ፤ ሁሉም ራሱን በራሱ የሚጽፍ አንድ መጽሐፍ ያሳድዳሉ። ልቡ የሚለወጥ ግን አላየሁም። እንግዲህ የጎደላቸው ገንዘብ አይደለም፤ በደሉን ተሸክሞ የሚኖር ገብርኤል ነው። አንባቢዬ ሦስተኛው ላይ ቢያቆም አይቆጭም።